የጋሽ ማርቆስ ቀይ አውራ ዶሮ

ጋሽ ማርቆስ ባረፉ በማግስቱ፣ ከብሎካችን ሥር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ፓስተሩ ቆመው መጸለይ ሲጀምሩ አውራ ዶሮው ጮኸ። ፓስተሩ ትንሽ ጠበቁና ቀጠሉ። ዶሮውም ቀጠለ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ዓይኑን ገልጦ ወደ እኔ ዞረ፤ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነኛ። «አንድ ነገር አድርግ እንጂ» የሚል አስተያየት ነው። ምን እንዳደርግ ነው? ባለቤቱ በሕይወት እያሉ ዝም ላሰኘው ያልቻልኩትን ዶሮ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ በምን ሥልጣን ነው ዝም የማሰኘው?

እዚያው ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ አዘንኩ፤ ተናደድኩም። ከጋሽ ማርቆስ ጋር በጎረቤትነት በኖርኩባቸው ዓመታት እነዚህ ሁለት ስሜቶች ተለያይተውብኝ አያውቁም።

ጋሽ ማርቆስ በወጣትነታቸው ከሆሳዕና መጥተው ቦሌ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ ጡረታ ሲወጡ ጎሮ ወደሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን የገቡ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሹራባቸውን ሱሪያቸው ውስጥ የሚከቱ። ማስተማር ካቆሙ በኋላም ጠመኔው ከእጃቸው አልወጣም፤ ሲናገሩ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ያጋጥሙና አየሩ ላይ ይጽፋሉ። የጻፉትን ደግሞ ያጠፋሉ፤ በመዳፋቸው።

በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ኮሚናል ከምንለው የጋራ ማረጃና ማብሰያ ቤት ጀርባ ዶሮ ማርባት ጀመሩ። ያውም የፈረንጅ ዶሮ ቢሆን እንቁላሉ ደኅና ነው ይባላል። የአበሻ ዶሮ ነው፤ ሲጮህ የሚያድር፣ የተሰጣ በርበሬ ላይ የሚወጣ፣ የሰው መኪና ላይ የሚኩስ። አቤቱታው ወደ እኔ ጎረፈ። እኔም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ኮስተር አድርጌ ሄድኩ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ዶሮዎቹ ሰውን አስቸገሩ እኮ» አልኳቸው።

«ለፋሲካ ምን አረድክ?» አሉኝ።

«ዶሮ ነዋ።»

«ምን ዓይነት?»

«ትልቅ ቀይ አውራ። ግን የመጣሁበት ጉዳይ...»

«ገበያው ላይስ ማን ቀረ?»

ይህች «ማን ቀረ?» የምትባል ጥያቄያቸው ዕድሜዬን አሳጥራዋለች። ያን ቀን ግን አላወቅኳትምና፣ ሞኝ ሆኜ «እንዴት ማን ቀረ?» አልኩ። ጣቶቻቸው ተጋጠሙ።

«አንተ ትልቁን ወሰድክ። ጎረቤትህ ከቀሩት ውስጥ ትልቁን ወሰደ። እንዲህ እንዲህ እያላችሁ ምሽት ላይ ነጋዴው ለገበሬው መልሶ የሚሰጠው የትኛውን ነው? ማንም ዞር ብሎ ያላየውን፣ ቀጫጫውን። እሱ ይመለስና የከርሞ ጫጩቶች ሁሉ አባት ይሆናል። በዓል በመጣ ቁጥር ትልልቆቹን ሳይወልዱ እናርዳለን፤ ትንንሾቹ ደግሞ ይወልዳሉ። ይኼን ሲያደርጉ የኖሩት አያቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ አሁን ደግሞ አንተ ናችሁ። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ የአበሻ ዶሮ ለምን አነሰ ትላላችሁ። እግዚአብሔር ፈጠረ፤ እኛ መረጥን። መምረጥ ደግሞ አናውቅበትም።»

ስለ አቤቱታው ሳላነሳ ተመለስኩ። ደረጃ ስወጣ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰውየው የሚናገሩትን የሚኖሩ መሆናቸው ነው ችግሩ። ብዙ ሰው ያወራል፤ በበዓል ግን እንደ ሰው ይበላል። ጋሽ ማርቆስ ከመንጋቸው ውስጥ ለበዓል የሚያርዱት ሁልጊዜ መናኛውን፣ ዘግይቶ ያደገውን፣ እግሩ የሰለለውን ነው። ትልቁ፣ ቶሎ የሚያድገው፣ በሽታ የማይደፍረው ለዘር ይቀራል። ባለቤታቸው እትዬ አማረች በየበዓሉ ያለቅሳሉ። «ሽንኩርቱ ነው» ይላሉ ለሚጠይቃቸው። አንድ ገና ባለቤቴን ወደ ኮሚናል ጠርተው ድስቱን ከፈቱላትና «እስቲ ዶሮውን ፈልጊልኝ» አሏት።

መንጋው ግን ይለወጥ ነበር፤ ይኼን መካድ አልችልም። በየዓመቱ ለመጣ እንግዳ «አየህ?» ይሉታል፤ እኛም እያየን ነበር። ጫጩቶቹ ከወላጆቻቸው ትንሽ ይበልጣሉ፤ የእነሱ ጫጩቶች ደግሞ ከእነሱ ትንሽ። ለዶሮዎቻቸው ስም አይሰጡም። አንድ ጊዜ ልጄ ስም ልታወጣ ብትሞክር ከለከሏት። «ስም ከሰጠሽው እሱን ትወጂዋለሽ፤ እኔ የምወደው መንጋውን ነው። አንድ ዶሮ እንደተፈለፈለ ያው ነው፣ አይለወጥም። የሚለወጠው መንጋው ነው፤ ትውልድ በሄደ ቁጥር» አሏት።

«አንዱማ አይለወጥም፤ እርስዎን እያየን» አልኳቸው። ሳቁ። ተረቡ የገባቸው አይመስለኝም፤ የተስማማሁ መስሏቸው ነው።

በመሀል ፈንግል ገባና መንጋውን ፈጀው። ከገብስማው፣ ከነጩ፣ ከጥቁሩ ሁሉ መሀል የተረፉት ጥቂት ሲሆኑ፣ ሁሉም ቀይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሚፈለፈለው ሁሉ ቀይ ሆነ። እኔም በደረስኩበት «ቀይ ዶሮ ፈንግል አይነካውም» እያልኩ ሳስፋፋ፣ ወሬው እሳቸው ጋ ደረሰና ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው በሬን አንኳኩ። ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ማነው ቀይ ስለሆነ ተረፈ ያለህ? የቀዮቹ ቆጥ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ነበር፤ በሽታው ሳይደርስባቸው ቀረ። ዕድል ነው። መንጋ ትንሽ ሲሆን ዕድልም ይመርጣል። የተረፈ ሁሉ የተሻለ ነው ብለህ ለሰው አታስተምር።»

«እሺ፣ አላስተምርም» አልኩ። ሻይ ጠጥተው ሲወርዱ ከደረጃው ተመልሰው፣ ከዚያ ወዲያ የመንጋው ዝምድና እንዳይጠብብ አውራ ዶሮ ከሩቅ ማምጣት እንዳለባቸውና መኪና ያለው እኔ መሆኔን ነገሩኝ። ሁለት ቅዳሜዬ በዚህ አለቀ።

ሲቆጡ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። በብሎኩ ስብሰባ ላይ አንዱ ጎረቤታችን ሊያስቅ ፈልጎ «ሰውም እንዲህ እየተመረጠ ቢቀር አገሩ በተስተካከለ» አለ። ጋሽ ማርቆስ ተነሡ። አየር ላይ ምንም አልጻፉም። «ሰው ሲመረጥ መራጩ ማን እንደሚሆን አስበህ ታውቃለህ?» አሉትና ስብሰባውን ጥለው ወጡ። እዚያ ስብሰባ ላይ ዋናው አጀንዳ የእሳቸው ዶሮዎች ጉዳይ ነበር። ባለጉዳዩ ስለወጡ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

እንግዲህ ወደ ሊዲያ ነገር ልምጣ። ሊዲያ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ናትናኤል የሚባል ልጅ ይወዳታል፣ ትወደዋለች። የናትናኤል አባት አቶ ዘርጋው መኖሪያቸው አትላስ አካባቢ የሆነ፣ የመኪና ዕቃ በመነገድ የታወቁ፣ ክብራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። የላኳቸው ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ መጥተው፣ እንደ ወጉ «እንመክርበታለን» ተብለው ተመለሱ። በሁለተኛው ምጣታቸው እሺታውን ሰምተው ማዕድ ይቀርባሉ። እኔ በሴቷ በኩል እንድቀመጥ ተጠራሁ።

በዋዜማው እትዬ አማረች ጋሽ ማርቆስን ወደ ጎሮ ዶሮ ተራ ላኳቸው። አብሬ እንድሄድ የለመኑኝ እሳቸው ናቸው። «አደራህን ዳዊት፣ ሁለት ደህና ደህና አውራ አስመርጠው። ብቻውን ከሄደ ታውቀዋለህ» አሉኝ። አውቃቸዋለሁ።

ነጋዴው ገና ከመኪና ስንወርድ አንድ ግዙፍ አውራ በእግሩ አንጠልጥሎ መጣ። «አባባ፣ ይኼ ነው ለሽማግሌ የሚሆነው» አለ።

«እሱን መልሰው። ለሚያራባ ሰው ሽጠው» አሉት፤ ጎንበስ ብለው ከቅርጫቱ ጥግ ሁለት ምስኪኖች አወጡ። አንደኛው ላባው የተመለጠ ነው።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ነገ የሚመጡት እኮ ልጅዎን የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ይቀየማሉ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ትልቁን ተዉት ስል ከርሜ፣ የራሴ ጉዳይ ሲመጣ ትልቁን ላርድ? እኔ ትልቁን በገዛሁ ቁጥር እኮ ነጋዴው ሌላ ትልቅ ለቢላ ያመጣል።»

«በቃ የበሬ ሥጋ እንግዛ።»

«አማረች ዶሮ ነው ያለችው» አሉ፣ ሚስታቸውን የሚታዘዙ ባል መስለው። ነጋዴው በአዘኔታ ጠጋ አለኝና «አባትህ ቋጣሪ ናቸው መሰለኝ» አለኝ። አባቴ አይደሉም ለማለት እንኳ አቅም አጣሁ። እትዬ አማረች ዘንቢሉን ሲከፍቱ እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ ድምፃቸውን ብቻ ሰማሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ነገሩ አምሮ ሄደ፤ እሺታው ተነገረ፤ ተመራረቅን። ማዕዱ ቀረበ። እትዬ አማረች ፈረሰኛውን፣ ያን የክብር ብልት፣ ለሽማግሌዎቹ አለቃ በክብር አወጡላቸው። ሰውየው በእንጀራቸው ፈለጉት። እንቁላሉን ገፋ አደረጉና ከሥሩ አገኙት። ቀና ብለው ጓደኞቻቸውን አዩ።

እዚህ ላይ ዝም ቢባል ኖሮ ድህነት ነው፣ ጡረተኛ ናቸው ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የጋሽ ማርቆስን እግር ረገጥኩ። ጣቶቻቸው ግን ተጋጥመው ነበር።

«ትንሽ መሆኑ በምክንያት ነው። እኛ ቤት የሚበላው መናኛው ነው» አሉ።

ቀጥለው ስለ ዘርና ስለ ትውልድ ያስረዱት ነገር ነበረ፤ ማንም አልሰማቸውም። የሽማግሌዎቹ አለቃ እጃቸውን ታጠቡ። ሌሎቹም ታጠቡ።

በሚቀጥለው ቀን ምሽት ሊዲያ ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «ጋሼ፣ ናቲ ስልኬን አያነሳም። አባቱ፣ ሰውየው በገዛ አፉ መናኛውን ነው ያበላኋችሁ ብሏልና ከዚህ ወዲያ የዚያን ቤት ልጅ አላመጣም ብለዋል አሉ። አባቢን አንተ አናግረው። እኔ ካናገርኩት ክፉ ነገር እናገረዋለሁ» አለችኝ።

ወረድኩ። ጋሽ ማርቆስ ከኮሚናሉ ጀርባ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ዶሮዎቹን ያያሉ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ለዚህ ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩትን። ሰው ዶሮ እንዳልሆነ፣ ልጃቸው ሙከራ እንዳልሆነች፣ ወግ የሚባል ነገር እንዳለ፣ በእሳቸው ግትርነት ልጅቷ ቆማ ልትቀር እንደሆነ። ተነሡና መንጋው ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ትልቁን ቀይ አውራ ታቅፈዋል። እንዲህ ያለ ዶሮ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም። የስንት ዓመት ምርጫ የተጠራቀመበት ነው።

«መኪናህን አውጣ» አሉኝ።

ዶሮው ከጎሮ እስከ አትላስ በእቅፋቸው ሄደ። ገርጂ መብራት ላይ ስንቆም ጮኸ፤ በአጠገባችን የቆመ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ዞሮ አየን። አቶ ዘርጋው በር ላይ ቀዝቅዘው ተቀበሉን። ጋሽ ማርቆስ አልተቀመጡም። ዶሮውን ዘረጉ።

«ሰዎችዎን ያበላኋቸው የሚበላውን ነው። ይኼ የማይበላው ነው። ከዚህ የሚበልጥ የለኝም» አሉ።

አቶ ዘርጋው ዶሮውን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። «ይኼን ይዘው ነው እንዴ የመጡት?» አሉና ሳቁ፤ ተሳሳሙ። ስንወጣ ጋሽ ማርቆስ ከበሩ ተመልሰው «ለዘር ነው እንግዲህ» አሏቸው። አቶ ዘርጋው «አዎ፣ አዎ፣ እንዴታ» አሉ፤ ሰው ያልሰማውን ነገር «አዎ» በሚልበት አነጋገር። እኔ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ፤ ነገሩ አልቆልኝ ወደ ቤቴ መግባት ነበር የፈለግኩት።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለእርቁና ለመተዋወቁ ተብሎ ሁላችንም አትላስ ተጠራን። ወጡ ሲቀርብ ገና ከሩቅ ገባኝ። የእግሩ ብልት ከሳህኑ ወጥቷል። አቶ ዘርጋው ራሳቸው ተነሥተው ፈረሰኛውን አወጡና ጋሽ ማርቆስ ፊት አደረጉት። ፊታቸው በደስታ ያበራል።

«ከዚህ የሚበልጥ የለኝም ብለው የሰጡኝን፣ ለእርስዎ ካልሆነ ለማን አርዳለሁ?» አሉ።

ሰውየው ልክ ናቸው። በአገሩ ወግ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ሊዲያ ከናትናኤል ጎን ተቀምጣ አባቷን ታያለች፤ አትተነፍስም። እትዬ አማረች አንገታቸውን ደፍተዋል። ጋሽ ማርቆስ ሳህኑን አዩት። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ተጋጠሙና እጃቸው ከሳህኑ በላይ አየር ላይ ቆመ። ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ፣ አልኩ በሆዴ።

እጃቸው ወረደ። እንጀራ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ፣ ጎረሱ። ብዙ አላመጡት።

«አማረች፣ ቅመሺ እንጂ። ይጣፍጣል» አሉ።

ሊዲያ ያን ጊዜ ተነፈሰች። ብልቱን ጨረሱት፤ አጥንቱን እንኳ ጋጡት። አቶ ዘርጋው ደስ ብሏቸው ደገሟቸው። እሱንም በሉ።

ስንመለስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ማን ቀረ?» ልላቸው ከምላሴ ደርሶ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ዕድል ነው። በመስታወት ሳያቸው ግን ወደ መስኮቱ ዞረው ነበርና ዋጥኩት። ገርጂ መብራት ላይ ስንደርስ ራሳቸው ተናገሩ።

«ልጆቹ አሉ። ጫጩቶቹ። አንድ ዶሮ አልነበረም ጉዳዩ፣ መንጋው ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም። እትዬ አማረች፣ ያን ሁሉ ዓመት በሽንኩርት ያሳበቡት ሴትዮ፣ እጃቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ አደረጉ።

ሊዲያ አገባች። ከዚያ በኋላም ጋሽ ማርቆስ አልተሻሻሉም። በሠርጉ ላይ እንኳ ሥጋ ቆራጩን አስቁመው ስለ በሬው ዕድሜ ጠየቁት። ጥቂት ዓመት ከዚያ ቀይ አውራ ልጆች ውስጥ እየመረጡ፣ መናኛውን እየበሉ ኖሩና፣ አንድ ጠዋት ልባቸው ቆመ።

እትዬ አማረች ሊዲያ ጋ ሊገቡ ሆነ፤ ዶሮ ይዘው መሄድ አይችሉም። የብሎኩ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ነገሩ ቀላል ነበር። ፋሲካ ደርሷል፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ዶሮ ይወስዳል፣ ያርዳል፣ ኮሚናላችን ያርፋል። እትዬ አማረችም ፈቀዱ። ውሳኔውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ በደስታ። ስንት ዓመት የለመንኩት እንቅልፍ ነው።

በዋዜማው ጎረቤቱ ሁሉ ከኮሚናሉ ጀርባ ተሰበሰበ። አጥሩ ተከፈተ። ሰው ገባና፣ ሰው ሲመርጥ እንደሚመርጠው፣ እጁ ሁሉ ወደ ትልልቆቹ ሄደ። አንዱ ያን በድንኳኑ ጊዜ የጮኸውን ቀይ አውራ በክንፉ ያዘው።

«ትልቁን ተዉት» አለ አንድ ሰው።

የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ምን አልክ?» አለኝ ዶሮውን የያዘው።

«ትልቁን ተዉት። እነዚያንም ሁለት ቄቦች ተዉ፣ ትልልቆቹን። ትንንሾቹን ውሰዱ።»

«እና ማን ሊያሳድራቸው ነው?»

ከላይ፣ ከበረንዳው፣ እትዬ አማረች ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማሁ። ቀና ስል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዩኛል።

«ዳዊት፣ ማን ቀረ?» አሉኝ።

ሰውየው ዶሮውን ለቀቀልኝ። ታቀፍኩት፤ ከባድ ነው። ጋሽ ማርቆስ ከዚያ ሁሉ ጎረቤት መሀል መርጠው ያስቀሩት እኔን መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በጣም ተናደድኩባቸው።